ፓስወርድ ሪሴት ብቻ እየሠራሁ ነው፤ ልውጣ?

ጥያቄው፦ «አንድ ፋይናንስ ድርጅት የአይቲ ክፍል አፓረንት (የሥራ ላይ ልምምድ) ከወጣሁ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። ኮድ እጽፋለሁ፣ ሰርቨር አያለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። እስካሁን የሠራሁት ፓስወርድ ሪሴት ማድረግ፣ ፕሪንተር ማስተካከልና ለአዲስ ሠራተኛ ላፕቶፕ ማዘጋጀት ነው። ዋናውን ሲስተም እንዳይ እንኳ አልተፈቀደልኝም። አንዳንዴ አለቃዬ ሥራ ሲበዛበት የራሱን ፓስወርድ ይሰጠኝና አንዳንድ ነገር እጨርስለታለሁ፤ ትንሽ የምማረው ያኔ ነው። ጓደኞቼ ሶፍትዌር የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች ገብተው በሁለተኛው ሳምንት ኮድ ጽፈዋል። የእኔ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። እርስዎ ቢሆኑ ይወጡ ነበር?»

እህቴ፣ አልወጣም ነበር። ቢያንስ በጻፍሽልኝ ምክንያት አልወጣም። ጥያቄሽ ውስጥ ግን እንደዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። እሱን ሳነብ ደነገጥኩ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ቅሬታሽ እናውራ።

ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። ትንሽ ሶፍትዌር ቤት ውስጥ በሁለተኛው ሳምንት ኮድ ይጻፋል። ቢሳሳቱ አንድ ገጽ ይበላሻል፣ ይስተካከላል፣ ያልፋል። አንቺ ያለሽበት ቤት ግን የሰው ገንዘብ ያለበት ነው። እዚያ ሲስተም ላይ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ሦስት ጥያቄ ይከተላል፦ ማን ነካው? መቼ? ማን ፈቀደለት? እነዚህን ጥያቄዎች ከዓመት በኋላም ቢጠየቅ ሳይርበተበት የሚመልስ ሰው ነው እዚያ ቤት ባለሙያ የሚባለው። የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የትም ሆነሽ ትማሪዋለሽ። ይህን ግን የሚያስተምሩሽ ቤቶች ጥቂት ናቸው።

ፓስወርድ ሪሴትን እንውሰድ። ከውጭ ሲታይ ሦስት ክሊክ ነው። ሥራው ያለው ግን ከክሊኩ በፊት ነው። ስልክ ይጮሃል። «እከሌ ነኝ፣ ከሂሳብ ክፍል። ስብሰባ ልገባ ነው፣ አልከፍት አለኝ፣ ቶሎ በይልኝ!» ድምፁ ይጣደፋል፣ ትንሽም ይቆጣል። በሃያ ሰከንድ ውስጥ የምትወስኚው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ሰውዬ እውነት እከሌ ነው? ካልሆነና ሪሴት ካደረግሽለት፣ ድርጅቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ፋየርዎልም ሆነ ሌላው መከላከያ ሁሉ ዋጋ የለውም። ሌባው በር ሰብሮ አልገባም፤ ከፍተሽለት ነው የገባው።

ትክክለኛው አሠራር አሰልቺ ነው። ስልኩን ትዘጊና መልሰሽ ትደውያለሽ፤ ደዋዩ በነገረሽ ቁጥር ሳይሆን በሠራተኞች መዝገብ ላይ ባለው። ቲኬት፣ ማለትም የጥያቄውና የሥራው መዝገብ፣ ትከፍቻለሽ። ማንነቱን በምን እንዳረጋገጥሽ በአንድ መስመር ትጽፊያለሽ። የምትሰጪው ፓስወርድ ጊዜያዊ ይሆናል፣ ሰውየው ሲገባ ሲስተሙ ራሱ እንዲቀይር ያስገድደዋል። የሚቆጣው ይቆጣ። እውነተኛው እከሌ ከሆነ ነገ ረስቶታል። ሌባ ከሆነ መልሰሽ ስትደውይ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ተለማማጅ በነበርኩበት ቤት፣ በሦስተኛው ወር፣ አንድ የክፍል ኃላፊ ደውሎ ፓስወርዱ እንደተቆለፈበት ነገረኝ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ጠዋት ሊፍት ውስጥ ሰላም ተባብለናል። ሪሴት አደረግኩለት፣ አመሰገነኝ፣ አለቀ። ቲኬቱን በኋላ እከፍተዋለሁ አልኩና ረሳሁት።

ከአራት ወር በኋላ አንዲት ኦዲተር ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ከተደረጉት ሪሴቶች ውስጥ 25ቱን በዘፈቀደ መርጣለች። 24ቱ አጠገብ የቲኬት ቁጥር አለ። አንዱ አጠገብ ባዶ ነው። በባዶው መስመር ላይ ያለው ስም የእኔ ነው።

«ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። ነገርኳት። «በምን ታሳየኛለህ?» ዝም አልኩ። ኃላፊው ተጠየቀ፤ «አላስታውስም» አለ። አልዋሸም። ከአራት ወር በፊት የደወለውን ስልክ ማን ያስታውሳል? ከዚያ ያ አካውንት በዚያን ቀን ያደረገው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይጣራ ተባለ። ሁለት ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ሠራበት፤ እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ምንም የጎደለ ነገር አልተገኘም። ቢሆንም ሪፖርቱ ላይ ገባ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሎግ፣ ሲስተሙ ራሱ የሚይዘው መዝገብ፣ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

አሁን ወደ ፕሪንተር። ፕሪንተር እኔም አልወድም። የሚወድ የአይቲ ሰውም እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን አንድ ታሪክ ስሚ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሌቦች የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኔትወርክ ውስጥ ሰርገው ገቡ። ባንኩ ኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የኒውዮርክ ክፍል) ዘንድ ካለው ሂሳብ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ በስዊፍት፣ ባንኮች እርስ በርስ መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ፣ 35 የክፍያ ትዕዛዝ ላኩ። ባንኩ ውስጥ ደግሞ የስዊፍት መልእክቶችን በራሱ የሚያትም አንድ ፕሪንተር ነበር። አርብ ጠዋት ሠራተኞች ሲገቡ ፕሪንተሩ አይሠራም። እንደ ሌላው ጊዜ ተበላሽቶ ነው ብለው አለፉት። ለካ ያበላሹት ሌቦቹ ናቸው፤ የላኩት ትዕዛዝ ወረቀት ላይ ታትሞ እንዳይታይባቸው። ኋላ ፕሪንተሩ ሲነሳ ከኒውዮርክ የመጡ የጥያቄ መልእክቶችን ይተፋ ጀመር። አብዛኛው ክፍያ ታግዶ ቀረ። 81 ሚሊዮን ዶላር ግን ፊሊፒንስ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ለፕሪንተር ስትጠሪ መጀመሪያ «ይሄ ምን የሚያትም ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የስብሰባ አጀንዳ የሚያትም ከሆነ ወረቀቱን ጎትተሽ አውጪና ሂጂ። የክፍያ ማረጋገጫ የሚያትም ከሆነ ግን ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ፣ በዚያ መሃል ምን መታተም እንደነበረበት ጻፊ። ለሚመለከተው ሰውም ንገሪ። ለፕሪንተር ብሎ ማን ይሰማኛል እንዳትይ።

ላፕቶፕ ማዘጋጀቱም እንደዚሁ ነው። የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር በማን ስም ነው? ዲስኩ ተመስጥሯል? የመልሶ መክፈቻው ቁልፍ የት ተቀመጠ? እነዚህን ሣጥኖች ቲክ ቲክ እያደረጉ ማለፍ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ግን ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ድርጅት የተበላሸ ማሻሻያ ላከና ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀሩ። ባንክ አልቀረ፣ አየር መንገድ አልቀረ፣ ሆስፒታል አልቀረ። ብዙዎቹን ከሩቅ ሆኖ ማስተካከል አልተቻለም፤ ማሽኑ ራሱ አልነሳም ብሏላ። ሰው በእግሩ ሄዶ፣ በሴፍ ሞድ አስነስቶ፣ አንዲት ፋይል ማጥፋት ነበረበት። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የራሱ ማመስጠሪያ፣ የተመሰጠረ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይፈለጋል። በዚያን ቀን ቁልፎቹ በትክክል የተመዘገቡበት ቤት በሰዓታት ተነሳ እንበል፤ ያልተመዘገቡበት ቤት ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና ከመጫን ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። መዝገቡን የሞላው ማን ይመስልሻል? እንዳንቺ ያለ ሰው ነው።

ከላፕቶፑ ይልቅ ግን ከእሱ ጋር የሚሰጠውን ፈቃድ ተመልከቺ። እኔ ብሆን ትኩረቴን በሙሉ እዚህ ላይ ነበር የማደርገው። ፋይናንስ ቤት ውስጥ ሜከር ቼከር የሚሉት ነገር አለ፤ እስካሁን ሳትሰሚው አትቀሪም። ክፍያ የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ነው፣ የሚያጸድቀው ሌላ ሰው። ሁለቱ በአንድ እጅ መግባት የለባቸውም። ወረቀት ላይ ሁሉም ቤት ይህን ያከብራል። የሚፈርሰው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

አንዲት ሠራተኛ ክፍያ አዘጋጅ ነበረች እንበል። እድገት አገኘችና አጽዳቂ ሆነች። አዲሱ አለቃዋ «የማጽደቅ ፈቃድ ይሰጣት» ብሎ ቲኬት ይልካል። የአይቲው ልጅ ይሰጣታል፣ ቲኬቱን ይዘጋል። የድሮው የማዘጋጀት ፈቃድ ይነሳ ያለ ሰው የለም፤ ስለዚህ አልተነሳም። አሁን እሷ ብቻዋን ክፍያ ፈጥራ ብቻዋን ማጽደቅ ትችላለች። ምናልባት እሷ ራሷም አታውቀውም። እንዲህ ያለው ነገር ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ክፉ ሰው ካገኘው ወይም የእሷን ፓስወርድ ሌላ ሰው ከሰረቀው ግን ጉድ ፈላ። አንቺ ግን ያ ቲኬት ሲመጣ «የቀድሞው ፈቃድ ይነሳ ወይ?» ብለሽ አንድ መስመር መልሰሽ ብትጽፊ፣ በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ ከተጻፈ ኮድ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሠራሽ ማለት ነው። ማጋነን እንዳይመስልሽ፤ ኦዲተሮች ፈልገው ፈልገው የሚያገኙት ይህንኑ ነው።

ሥራ የለቀቁ ሰዎች አካውንት ሌላው ጣጣ ነው። ሰውየው ሄዷል፣ ኬኩ ተቆርጧል፣ አካውንቱ ግን በሕይወት አለ። ስንት እንዳሉ አንድ ቀን ጠይቂ፤ የሚሰጥሽ መልስ ስለ ቤቱ ብዙ ይነግርሻል።

አንድ ሌላ ነገር፣ በአጭሩ። ሠራተኞች ችግራቸውን ሲያስረዱ ስክሪናቸውን ፎቶ አንስተው ቲኬቱ ላይ ይለጥፋሉ። ፎቶው ላይ የደንበኛው ሙሉ የካርድ ቁጥር ሊኖር ይችላል። በካርድ ኢንዱስትሪው የደህንነት መስፈርት መሠረት ለሥራው የግድ ካልሆነ ሰው በስተቀር ሙሉ ቁጥሩ መታየት የለበትም። ከካርዱ ጀርባ ያለው የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ጭራሽ መቀመጥ የለበትም። ያ ፎቶ ግን አሁን የቲኬት ሲስተሙ ውስጥ ተቀምጦ ሃምሳ ሰው ያየዋል። ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፊው፣ ስልክሽ ላይ አታስቀሪው። እንዲጠፋ ለአለቃሽ ንገሪና ሠራተኛው ቁጥሩን ሸፍኖ እንደገና እንዲልክ ጠይቂው።

ዋናውን ሲስተም ለምን ከለከሉኝ ብለሻል። ስላላመኑሽ ብቻ አይደለም። እኔ በሙያው ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቼ ዛሬም ፕሮዳክሽን (ደንበኛ የሚጠቀምበት ዋናው ሲስተም) ላይ እንደፈለግኩ አልገባም። ለተወሰነ ሰዓት፣ ለተወሰነ ሥራ፣ በተፈቀደ ቲኬት ነው የምገባው። ስወጣ ፈቃዱ አብሮኝ ይወጣል።

ምክንያቱን ለማወቅ ናይት ካፒታልን ማየት ይበቃል። የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ለሚጀመር አገልግሎት አዲስ ኮድ ስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ባለሙያው ሰባቱ ላይ ጫነ፣ ስምንተኛውን ዘለለው። ሁለተኛ ሰው አላየለትም። ሁለተኛ ሰው ይይ የሚል የተጻፈ አሠራርም አልነበረም። ስምንተኛው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ሳይሠራበት የተረሳ ኮድ ተቀምጧል፤ ጠዋት ትዕዛዝ ሲመጣ እሱ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። የሚያንገበግበው ነገር ምን መሰለሽ፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ ስህተቱን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እንደ ማስጠንቀቂያ የቆጠራቸው የለም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ድርጅቱ ከሌላ ጋር ለመዋሃድ ተስማማ።

ሌላውን ታሪክ ደግሞ የምወደው «መልሼዋለሁ» ለሚሉ ልጆች ስለምነግረው ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 የብሪታንያው አርቢኤስ ባንክ የአይቲ ቡድን ሌሊት ሌሊት የደንበኞችን ሂሳብ የሚያሰላውን ሶፍትዌር አሻሻለ። ችግር አዩበትና ማሻሻያውን ነቅለው ወደ ቀድሞው መለሱት። መመለሱ ምን እንደሚያስከትል ግን አስቀድመው አልሞከሩትም። የሌሊቱ ሥራ ተሰናከለ፤ ወረፋው በማግስቱ ወረፋ ላይ ተደረበ። ወደ 6.5 ሚሊዮን ደንበኞች ተጎዱ። ደሞዝ አልገባ አለ፣ ክፍያ አልወጣ አለ፣ ለአንዳንዶቹ ለሳምንታት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆጣጣሪዎቹ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። አየሽ፣ መመለስም ራሱ አንድ ለውጥ ነው።

እንግዲህ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንመለስ። «አለቃዬ የራሱን ፓስወርድ ይሰጠኝና።»

እህቴ፣ ይህን ዛሬውኑ አቁሚ። ነገ አይደለም።

እስካሁን ያወራሁሽ ሁሉ «ማን ነካው?» በሚለው ላይ ነው የቆመው። አንቺ በእሱ ስም ስትገቢ ሎጉ የሚመዘግበው እሱን ነው። ከወራት በኋላ በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ተበላሽቶ ቢገኝ፣ እሱ «እኔ አይደለሁም፣ ተለማማጇ ናት» ይላል። አንቺ «የሠራሁት ሌላ ነገር ነው» ትያለሽ። ሁለታችሁም እውነት ልትናገሩ ትችላላችሁ፤ ማናችሁም ግን ማረጋገጥ አትችሉም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ደግሞም አብዛኞቹ ፋይናንስ ቤቶች ፓስወርድ መስጠትንም መቀበልንም በጽሑፍ ይከለክላሉ። ስትገቢ የፈረምሽበት ወረቀት ላይ ሳይኖር አይቀርም፤ አውጥተሽ እይው። ልምምዱ ሊቋረጥብሽ የሚችለው ኮድ ባለመጻፍሽ አይደለም፣ በዚህ ነው።

አለቃሽን ክፉ ሰው ነው አልልም። ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ምናልባትም አምኖሽ ነው። እንዲያውም ጎበዝ ባትሆኚ አይሰጥሽም ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊት «ሕግ ጥሰሃል» ብለሽ አትግቢበት። ይልቅ ሥራውን አትከልክይው፣ መንገዱን ቀይሪለት። ለምሳሌ እንዲህ በይው፦ «በራስዎ ስም ይግቡ፣ እኔ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ እየነገሩኝ ልይ። ከሚደጋገሙት ውስጥ ለእኔ ሊፈቀድ የሚችል ካለ ደግሞ በራሴ ስም ፈቃድ ይጠየቅልኝ።» ይህን የሚጠላ አለቃ ብዙ አላየሁም። ቢቆጣና «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ቢልሽ፣ አንዴ ሳቅ ብለሽ እለፊው። ሁለተኛም ቢያመጣው «እፈራለሁ» በይ፤ መፍራት ለተለማማጅ ያምርበታል። ሦስተኛ ከደገመው ግን የልምምድ አስተባባሪሽን አነጋግሪ።

እስካሁን የገባሽበትስ? ምን ምን እንደሠራሽ፣ በስንት ቀን እንደሆነ፣ ትዝ የሚልሽን ያህል ለራስሽ ጻፊው። ፓስወርዱን እንዲቀይረውም ለምኚው። እሱን ለመጠበቅም ነው።

አሁን ደግሞ መማር ስለምትፈልጊው። ሰባት ሳምንት ዝም ብለሽ ከቆየሽ በኋላ መጠየቅ መብትሽ ነው። ግን «ሥራ ስጡኝ» አትበይ፤ እንዲህ ሲባሉ አለቆች ሌላ ፕሪንተር ነው የሚሰጡት። ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። የለውጥ ስብሰባ ላይ ጥግ ይዤ ልቀመጥ በይ፤ ምን ይነካ፣ መቼ ይነካ፣ ካልሆነ እንዴት ይመለስ የሚባለው እዚያ ነው። ያለፉ ብልሽቶች ሪፖርት ላንብብ በይ። ከየትኛውም ኮርስ ይበልጣል። ባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) ለሙከራ ሲመለስ አብሬ ልይ በይ። ባክአፕ መኖሩን ሁሉም ያወራል፣ ተመልሶ ሲሠራ ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ ከሁሉ ግን አንድ ሌሊት ኢኦዲ፣ የቀኑ መዝጊያ ሥራ፣ ሲሠራ ለማየት ለምኚ። የቀኑ ሥራ ይዘጋል፣ ወለድ ይሰላል፣ ፋይል ከውጭ ይመጣል፣ ፋይል ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ሪፖርት ይወጣል። ሁሉም በተራ ነው፤ አንዱ ቢቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር በመስመር የሚወርድ ጽሑፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ ያመጣል። ከዚያ አንዷ መስመር ከወትሮው ትንሽ ስትቆይ፣ የሚከታተለው ሰው ሻዩን አስቀምጦ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ሲል ታያለሽ። የድርጅቱ ልብ የት እንደሚመታ የገባኝ እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። የቆየ ቤት ከሆነ ከዚያ መስመር ጀርባ ያለው ኮድ በኮቦል የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 መነደፍ የጀመረ ቋንቋ ነው፤ ዛሬም በብዙ ትልልቅ ባንኮች እየሠራ ነው። አትሳቂበት።

ኮድ መጻፍ ካማረሽ ደግሞ ማን ከለከለሽ? ቤትሽ ጻፊ። ግን የጓደኞችሽን ዓይነት ዌብሳይት አትሥሪ፤ ያለሽበትን ሙያ የሚመስል ነገር ሥሪ። አንድ ሐሳብ ልስጥሽ። ሁለት ፋይል ፍጠሪ፣ ሁለቱም ከራስሽ ጭንቅላት የወጡ የውሸት ግብይቶች ይሁኑ። የድርጅቱን ዳታ በፍጹም እንዳትነኪ፤ ስሙን ቀየርኩት ብለሽም ቢሆን። አንዱ ፋይል «የእኛ መዝገብ» ነው፣ ሌላው «የሌላው ባንክ መዝገብ»። አንድ ሺህ መስመር ይኑራቸው። መሃል ላይ ወጥመድ አስቀምጪ፦ አንዱ ግብይት ሁለት ጊዜ ይግባ፣ አንዱ በአንድ ሳንቲም ይለይ፣ አንዱ እዚህ የዛሬ ቀን እዚያ የነገ ቀን ይያዝ፣ አንዱ ጭራሽ አይኑር። ከዚያ የማይገጥሙትን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፊ። ይህ ሪኮንሲሌሽን ይባላል፤ ፋይናንስ ቤቶች ቀን ከሌት የሚሠሩት ይህን ነው።

እየሠራሽ አንድ ነገር ይገጥምሻል። በፓይተን 0.1 እና 0.2 ደምሪ ብትይው 0.30000000000000004 ብሎ ይመልስልሻል። ኮምፒውተሩ አላበደም። በ0 እና በ1 ብቻ ስለሚያስብ 0.1ን በትክክል መጻፍ አይችልም፣ ልክ እኛ ሲሶን በአስርዮሽ ጽፈን እንደማንጨርሰው። አንድ ግብይት ላይ አይታይም። ሚሊዮን ግብይት ላይ ግን ሂሳቡ አልገጥም ይላል። ለዚህ ነው ገንዘብ በዴሲማል ዓይነት ወይም በሳንቲም ተቆጥሮ በሙሉ ቁጥር የሚቀመጠው። ይህን ከራስሽ ስህተት ተምረሽ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢና ስታስረጂ፣ ጠያቂዎችሽ ቀና ብለው ያዩሻል። ስንት ሰርተፍኬት ደርድሮ የመጣ ልጅ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲንተባተብ አይቻለሁ።

መውጣት የሚገባሽ ጊዜም አለ፤ አልደብቅሽም። ሦስት ወር አልፎ የለውጥ ስብሰባም፣ የሙከራ ሲስተምም፣ ምንም ነገር ካላሳዩሽ። ስህተት ስትሠሪ ማንም ሳያስረዳሽ ዝም ብሎ ካስተካከለው። በስምሽ አንድም ቲኬት ከሌለ። ይህ የመጨረሻው ይብሳል፤ ስምሽ የትም ካልተመዘገበ፣ እዚያ ቤት ነበርሽ ለማለትም ያስቸግራል። ወይም ደግሞ ፓስወርድ አልቀበልም ስላልሽ ፊት ከነሱሽ። ያኔ ለአስተባባሪሽ በጽሑፍ አሳውቂና ሌላ ቦታ ፈልጊ። ከመውጣትሽ በፊት ግን የሠራሻቸውን ቲኬቶች ቁጥርና ዓይነት የሚገልጽ የልምድ ደብዳቤ አስጽፊ።

እስከዚያ ድረስ ሰኞ ጠዋት ስትገቢ ከሁሉ በፊት አንድ ቲኬት ክፈቺ፣ በራስሽ ስም። የሚጻፈውን እዚህ አስቀምጬልሻለሁ፤ እንደሚመችሽ አስተካክይው።

«ጉዳዩ፦ የሙከራ ሲስተም የማንበብ ፈቃድ ስለመጠየቅ። ጠያቂ፦ የአይቲ ተለማማጅ። ምክንያት፦ የፈቃድ ቲኬቶች ሲመጡ ሠራተኛው የያዘው የቀድሞ ፈቃድ እንዴት እንደሚታይ ለመማር። የሚያስፈልገው፦ ማየት ብቻ፤ መቀየር አያስፈልግም። ጊዜ፦ ልምምዱ እስኪያልቅ። የሚያጸድቀው፦ የክፍሉ ኃላፊ።»